ክርክር የሌለበት ገበያ

እናንተ የዘመን ጓዶቼ፣ ጉልበታችሁ እየቆረጠማችሁ ደረጃ የምትወጡ፣ በአማርኛ ጠይቃችሁ በእንግሊዝኛ የሚመለስላችሁ፣ ዛሬ ብሶቴን የማዋየው ለእናንተ ነው። ስምንተኛው ሺህ ይመጣል ሲባል እየሰማን ነው ያረጀነው። እንግዲህ መጥቷል። አድራሻውም ቨርጂኒያ ነው፤ ቻንቲሊ በምትባል ቦታ ያለ አንድ አዳራሽ። ከዚህ ግድግዳ እስከዚያ ግድግዳ ጠረጴዛ ተደርድሯል፤ ጠረጴዛው ላይ ካርቶን ተደርድሯል፤ ካርቶኑ ላይ የስፖርተኛ ፎቶግራፍ አለ። ቤዝቦል፣ ቅርጫት ኳስ፣ ደግሞ ያ አሜሪካኖቹ በእጃቸው አቅፈው እየሮጡ «እግር ኳስ» የሚሉት ነገር። ከመዳፍ የማይበልጥ ብጣሽ ነው። አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይለበስም። ለዚህ ብጣሽ ባለትዳር ጎልማሳ ቅዳሜ በማለዳ ተነስቶ ይሰለፋል፤ ያውም የመግቢያ ከፍሎ። ገበያ ለመግባት ይከፈላል? መርካቶ ለመግባት ከፍላችሁ ታውቃላችሁ? መርካቶ የሚከፈለው ሲወጣ ነው፤ ሒሳቡንም ኪስ አውላቂው ራሱ ስለሚሠራው ሰልፍ የሚባል ነገር አልነበረም።

የምሄደው ለልጅ ልጄ ስል ነው። እናቱ ቅዳሜ ሥራ አላት፤ ልጁ ገና 14 ዓመቱ ስለሆነ ብቻውን አይለቀቅም፤ ስለዚህ ሽማግሌው አብሮት ይሂድ ተባለ። መኪና ውስጥ ገና ቀበቶዬን ሳላስር፣ «አባባ፣ እባክህ እዚያ ስንደርስ አትከራከር» ይለኛል። ለእኔ ነው እንዲህ የሚባለው! ግማሽ ዕድሜዬን ሸማ ተራ ሱቅ ዘርግቼ ለኖርኩ፣ በአንድ ነጠላ ዋጋ ከጧት እስከ ቀትር ለተሟገትኩ፣ ገዥ አልቅሶብኝ ገዥ ላይ ላለቀስኩ ሰው!

ልጁ የሚፈልገው የኬን ግሪፊ የ1989 ካርድ ነበር። ኬን ግሪፊ ማለት የቤዝቦል ተጫዋች ነው፤ ካርዱ ላይ ልጅ እግር ሆኖ ጥርሱን ያሳያል። ሻጩን «ስንት ነው?» አልኩት። «60» አለ። እኔም እንደ ወጉ ሳቅኩ። መጀመሪያ ይሳቃል። ቀጥሎ ዕቃው ይነሳና ይገላበጣል፣ እንከን ይፈለግለታል፣ ከንፈር ይመጠጣል፣ ከዚያ የዋጋው ሩብ ይጠራል። «15» አልኩ። አሁን ደረቱን ይመታል፣ የልጆቹን ቁጥር ይነግረኛል፣ «በዚህ ዋጋ እኔም አላገኘሁት» ብሎ ይምላል፣ እኔ 20 እላለሁ፣ እሱ 50 ይላል እያልኩ ስጠባበቅ፣ ሰውየው ስልኩን አውጥቶ ፊቴ ላይ ደቀነው። «ኮምፕስ» አለ። ሌላ ቃል የለም።

ኮምፕስ የሚሉት፣ ልጁ እንዳስረዳኝ፣ ያው ካርድ ባለፈው ሳምንት፣ ትናንት፣ ዛሬ ጧት ኢቤይ ላይ ስንት ስንት እንደወጣ የሚያሳይ ዝርዝር ነው። ኦሃዮ ያለ አንድ ሰው ማታ 62 ዶላር ከፍሎበታል። እኔን ምን አገባኝ? ሰውየው ሰክሮ ይሆናል። ከሚስቱ ተኳርፎ ይሆናል። የሱ ኩርፊያ በእኔ ኪስ ላይ ዋጋ ሲተምን ዝም ልበል? በእኛ ዘመን አንድ ጋቢ ትናንት ስንት እንደተሸጠ የሚያውቁት ሻጩና ፈጣሪ ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ምስጢር ጠባቂዎች ናቸው። ገበያ ጤና የሚኖረው እንደዚያ ሲሆን ነው። አሁን ግን ሁሉም ሁሉን ያውቃል፤ ሁሉም ሁሉን ሲያውቅ ደግሞ ምን የሚወራ ነገር ይቀራል?

ልጁ ጆሮው ቀልቶ እጅጌዬን ጎተተኝ። «አባባ፣ እንዲህ ዋጋ አርክሶ መጥራት ሎውቦል ይባላል፤ ነውር ነው።» ነውር! ይህን ቃል ማን አስተማረው? እኔ። ሌላ ነገር እንዲልበት ነበር ያስተማርኩት።

እሺ፣ ይሁን ብዬ መሄድን ሞከርኩ። መሄድ የራሱ ጥበብ አለው፤ ዛሬ የሚያውቀው የለም። ፊት ጨፍገግ ይደረጋል፣ ዕቃው እንደ ዘበት ይቀመጣል፣ ሁለት እርምጃ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ቀስ። ሦስተኛው ላይ የጫማ ማሰሪያ ይታሰራል፤ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ያደረገ ሰውም ቢሆን ያስራል። ያኔ ከኋላ «ና እንግዲህ፣ ውሰደው፤ አንተ ሰውዬ ልትገድለኝ ነው!» የሚል ድምፅ ይሰማል። እኔም ሄድኩ። ጎንበስ አልኩ። ቀና አልኩ። ጆሮዬን አቆምኩ። ዞር ብዬ ሳይ ሰውየው ሳንድዊቹን ይበላል። አዳራሹን በሙሉ ዞሬ ስመለስ ካርዱ ተሽጧል። የገዛው አንድ ጎረምሳ ነው፤ 60 ዶላሩን በስልኩ ልኮ፣ ካርዱን ቦርሳው ከቶ፣ «ታንክስ» ብሎ ሄደ። አገርህ የት ነው የለ፣ ሻይ የለ፣ ጤናህ እንዴት ነው የለ። እኛ አንዲት ነጠላ ለመሸጥ የገዥዋን ትውልድ፣ የባሏን ሥራ፣ የልጆቿን ክፍል ሳይቀር ጠይቀን ነበር የምናውቅ። ባሏ ትልቅ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራ ካለችን ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ይህም ለመንግሥት ካለን አክብሮት የተነሣ ነው።

በዚያው ቀን የደረሰብኝን ሌላ ጉድ ልንገራችሁ። አንዱ ጠረጴዛ ላይ የ1 ዶላር ሳጥን የሚሉት አለ፤ እፍኝ ሙሉ መርጠህ በቁጥሩ ትከፍላለህ። ልጁ መርጦ ሊከፍል ሲል፣ «ምርቃትስ?» አልኩ። ልጁ እያፈረ ተረጎመ። ሻጩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሹር፣ የፈለጋችሁትን አንድ ውሰዱ» አለ። በቃ! ሳልለምነው፣ «ለልጆችህ ይባርክልህ» ሳልለው፣ እጁን ሳልይዘው ሰጠኝ። እንዲህ ያለ ምርቃት ምን ጣዕም አለው? ሰጪው ካልተሰቃየ ተቀባዩ ምኑን ተቀበለ? ካርዱን ግን ወስጃለሁ።

ይህን ስል ክርክር ሞቷል እያልኩ እንጂ አጭበርባሪ ጠፍቷል አላልኩም። አጭበርባሪውማ ተምሮ፣ ዲግሪ ጭኖ፣ ክራባት አስሮ ቁጭ ብሏል። ስለ አንዱ ልንገራችሁ። ሆነስ ዋግነር የሚባል የጥንት የቤዝቦል ተጫዋች ነበር። የአሜሪካ የትምባሆ ኩባንያ ከ1909 እስከ 1911 ድረስ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ የተጫዋቾችን ካርድ ይከት ነበር፤ የዋግነር ካርድ ታትሞ ብዙም ሳይዘልቅ ቀረ። ትምባሆ ጠልቶ ነው የሚሉ አሉ፣ ገንዘቡን ስላልሰጡት ነው የሚሉም አሉ። (እኔ ሁለተኛውን ነው የማምነው፤ ነጋዴ ነኝ።) በዚህ ምክንያት ዛሬ የተረፉት በጣም ጥቂት ናቸው፤ አንዱ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። እንግዲህ ቢል ማስትሮ የተባለ የካርድ ነጋዴ በ1985 አንዱን ዋግነር በ25,000 ዶላር ገዛና ጠርዙን በመቁረጫ ከርክሞ አሳመረው። ያረጀ ካርድ ማዕዘኑ ስል ሆኖ ሲገኝ ሰው ተገረመ። በ1991 በጨረታ ሲወጣ የበረዶ ሆኪው ዌይን ግሬትስኪ ከሸሪኩ ጋር 451,000 ዶላር ከፍሎ ወሰደው። በ2007 2.8 ሚሊዮን ደረሰ። በ2013 ማስትሮ ፍርድ ቤት ቆሞ «አዎ፣ ከርክሜዋለሁ» አለ።

ወይ ዘመነ ግርምቢጥ! ሚሊሜትር ቆርጦ ሚሊዮን መውሰድ! እኛ ሸማ በክንድ ነበር የምንለካው። ክንድ ደግሞ እግዜር የሰጠው መለኪያ ነው፤ አይከረከምም። የአጎቴን ልጅ ለመለካት ሥራ ቀጥሬው ነበር፤ ቁመቱ አጠር፣ እጁ ሰብሰብ ያለ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ልጅ። ገዥ አንዳንድ ጊዜ ቁመተ ሎጋ ወንድሙን ይዞ ይመጣና «በዚህ ይለካ» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ከሱቄ አስወጣው ነበር። ሚዛን ላይ ማጭበርበር አልወድም።

ማስትሮ በ2015 የ20 ወር እስራት ተፈረደበት። ያሳሰረው ግን መከርከሙ ብቻ አይደለም፤ በጨረታ ቤቱ ውስጥ የውሸት ተጫራች እያስገባ ዋጋ ያስወጣ ነበር። ዕቃውን የማይፈልግ ሰው ተነስቶ «እኔ ይህን ያህል እሰጣለሁ» ይላል፤ እውነተኛው ገዥ ይደነግጥና ይጨምራል። ስሰማው ዘገነነኝ። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነውር አልነበረም። እርግጥ ነው፣ ገዥ ሲያመነታ የባለቤቴ ወንድም ከጎረቤት ሱቅ ብቅ ብሎ «ይቺን ጋቢ ለእኔ አስቀምጥልኝ ብዬህ አልነበር?» ይል ነበር። ይህ ግን የዘመድ መረዳዳት ነው። እሱ ሲቸገር እኔም ሄጄ እልለት ነበር።

ውሸትም አልነበረም። ስለ ውሸት የምትሰሙት ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። «በገዛሁበት ነው የምሰጥሽ፣ እናቴ ትሙት» ይባላል፤ ይህ ውሸት ሳይሆን የገበያ ሰላምታ ነው፤ ገዥዋም እንደ ሰላምታ ነበር የምትቀበለው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በቀን ብዙ ጊዜ እየሞተች ዘጠና ዓመት በጤና ኖራለች። የዛሬዎቹ ግን መሐላ አያውቁም። ካርዱ ጀርባው ላይ ጭረት ካለው ሻጩ ራሱ አዙሮ ያሳይሃል! «እዚህ ጋ ትንሽ ተጭሯል፣ ስለዚህ 5 ዶላር ቀንሻለሁ» ይልሃል። እንከኑን እሱ ካወጣው እኔ ምን ላገኝ ነው ዓይኔን የማደክም? መነጽሬንስ ለምን ይዤ መጣሁ?

ደግሞ አሁን ካርድ ብቻውን አይሸጥም። በወፍራም ፕላስቲክ ታሽጎ፣ አናቱ ላይ ቁጥር ተለጥፎበት ነው። ፒኤስኤ የሚባል ድርጅት አለ፤ በ1991 የተቋቋመ፤ ካርድ ተልኮለት ማዕዘኑን፣ ጠርዙን፣ ገጹን፣ ምስሉ መሃል መዋሉን መርምሮ ከ1 እስከ 10 ደረጃ ይሰጣል። በ2021 የሚላክለት ካርድ ከመብዛቱ የተነሣ አብዛኛውን አገልግሎቱን ለጊዜው አቁሞ ነበር። ልብ በሉ፣ የስንዴ መጋዘን አይደለም የሞላው። በ9 እና በ10 መካከል ያለውን ልዩነት ልጁ በአጉሊ መነጽር አሳይቶኛል፤ እኔ ያየሁት የራሴን አውራ ጣት ነው። ዋጋው ግን እጥፍ፣ አንዳንዴም የእጥፍ እጥፍ ነው። እና ይህ ድርጅት መጀመሪያ ደረጃ የሰጠው ካርድ የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያ የተከረከመው ዋግነር ነው! 8 ነው የሰጡት። ከርካሚው ታስሮ ተፈታ፤ ካርዱ ግን ማዕረጉን እንደያዘ ነው። አገራችን ሹመት እንዲህ ይጸና ቢሆን ኖሮ!

ደረጃ ማውጣት ለእኔ አዲስ ነገር መስሏቸዋል። አባቴ ማርትሬዛ ብር ሲቀበል ብታዩት! ጠገራውን በመዳፉ ይመዝነዋል፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ይሰማል፣ ከዚያ ገጹ ላይ ያለችውን ንግሥት ወደ ፀሐይ አዙሮ በጌጧ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ጣቱን እያስነካ ይቆጥራል። ዕንቁ ከደበዘዘ አይቀበልም። የአፍንጫዋ ጫፍ ካለቀ አይቀበልም። በጣም ካብረቀረቀም «ይቺ ገና ልጅ ናት» ብሎ ይመልሳታል። ሁሉም ጠገራ ላይ የተጻፈው ዓመት አንድ ነው፣ 1780። ሴትዮዋ በዚያ ዓመት አርፋ፣ ቪየና ሲላቸው ሮማና ለንደን በዚያው ዓመተ ምሕረት ከመቶ ዓመት በላይ ሲያትሟት ኖሩ፤ አንድም ሰው ፎርጅድ ናት አላለም። መተማመን ማለት ይህ ነው። አባቴ በሰው ስለሚያምን ነበር እያንዳንዷን ብር እንደዚያ የሚመረምር።

የእነሱ ሕግም ያስቀኛል። በ1990 ኢሊኖይ ውስጥ አንድ ታዳጊ ካርድ ቤት ይገባል። የኖላን ራያን የመጀመሪያ ዓመት ካርድ ላይ ዋጋው በቁጥር 1200 ተብሎ ተጽፏል። ለሥራው አዲስ የሆነች ሻጭ 12 ዶላር መሰላትና በ12 ሰጠችው። ባለሱቁ ሲሰማ ራሱን ይዞ ጮኸ፤ ካርዴን መልስ አለ፤ ልጁ እምቢ አለ፤ ፍርድ ቤት ተካሰሱ። ጉዳዩ ሲሰማ ልጁ ካርዱን በሌሎች ካርዶች ለውጦት ኖሯል! በመጨረሻ ተስማምተው ካርዱ በጨረታ ተሸጠና ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ሄደ። እኔ ከልጁ ጋር ነኝ። ብልህ ልጅ ነው፤ ዋጋ ተጠራ፣ ተከፈለ፣ አለቀ። የተሸጠ ዕቃ ይመለሳል እንዴ? ዳኛው እኔ ብሆን ባለሱቁን ወጪ አስከፍዬ እሸኘው ነበር። አንድ ጊዜ የእኔ ተላላኪ ሙሉ ጋቢ በነጠላ ዋጋ ለአንዲት ሴት ሸጠላት፤ ሴትዮዋን አውቶቡስ ተራ ድረስ ሮጬ ያዝኳት፤ ግማሹ መርካቶ እስኪሰበሰብ ጮህኩ፤ ጋቢዬንም ተቀበልኩ። ያኔ ፍትሕ እንደዚህ ቅርብ ነበረ፤ ጠበቃ አያስፈልግም።

ድሮስ እነሱም ደግ ነበሩ፤ መቼም ድሮ ሁሉ ደግ ነው። ቶፕስ የሚባለው ኩባንያ ካርዱን ከማስቲካ ጋር ነበር የሚሸጠው፤ ልጅ ማስቲካውን ያኝካል፣ ካርዱን ብስክሌቱ ላይ ይሰካል፣ ይጫወትበታል፣ ይቀድደዋል። በ1952 ያወጡት ካርድ ብዙው ሳይሸጥ መጋዘን አጨናነቀ፤ ሳይ በርገር የተባለው የኩባንያው ሰው ራሱ እንደተናገረው በ1960 በጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውስጥ ደፋው። ከተረፉት መካከል አንዱ፣ የሚኪ ማንትል ካርድ፣ በ2022 በጨረታ 12.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ! ባለቤቱ በ1991 የገዛው በ50,000 ነበር። በ2025 ደግሞ የማይክል ጆርዳንና የኮቢ ብራያንት ፊርማ ያለበት ካርድ ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸማ ተራን ከነሸማኔው መግዛት ይቻል ነበር። ባሕሩም ውስጥ ያለው ቢወጣ... ይህን ነገር ለልጁ አንስቼለት ነበር። ወረቀት ውኃ ውስጥ ይበሰብሳል አለኝ። የዛሬ ልጅ ተስፋ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ስለ «ብሬክ» ብዙ አልልም፤ ደሜ ይፈላል። ሰዎች በስልክ ተሰብስበው እያንዳንዳቸው ለአንድ ቡድን ይከፍላሉ፤ አንድ ለፍላፊ ካሜራ ፊት ፓኮ እየቀደደ የወጣውን ካርድ ለቡድኑ ባለቤት ያድላል፤ ለአብዛኛው ምንም አይደርሰውም። ዳኛ የሌለው፣ ጸሐፊ የሌለው፣ ዕጣ ከወጣለት በቀር ሌላው በባዶ የሚበተንበት ዕቁብ በሉት። ይህ ጥርት ያለ ቁማር ነው፤ ልጁንም ቁማር ቤት ያፈርሳል ብዬ መክሬዋለሁ። የመከርኩት የሜጋ ሚሊዮንስ ቲኬቴን ልቆርጥ ነዳጅ ማደያው ጋ በቆምንበት ነው፤ ምክር ቦታ አይመርጥም። በ2021 ዊስኮንሲን ውስጥ የታርጌት መደብር መኪና ማቆሚያ ላይ ለካርድ ሲሉ ተደባድበው ሽጉጥ እስከ መምዘዝ ደርሰዋል፤ መደብሩም ካርድ በየሱቁ መሸጥ ለጊዜው አቁሞ ነበር። እኛ ብንጣላ በቃል ነው። ቢበዛ የሚዛን ድንጋይ ነው።

እውነተኛ ክርክር የተረፈው፣ ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ በያርድ ሴል ብቻ ነው። ሰፈራችን አንዲት አሮጊት አሜሪካዊት የሟች ባሏን ዕቃ ሣር ላይ ዘርግታ ስትሸጥ ደረስኩ። ዓይኔ ካርቶን ላይ አረፈ። ውስጡ አፉ ድረስ የ1990 የቤዝቦል ካርድ ሞልቶታል፤ ገና ያልተከፈተ ፓኮ ሳይቀር አለበት! ልቤ ደረቴን ሊበሳው ደረሰ። ፊቴ ግን ዝም። «ይህ የሻገተ ወረቀት ምንድን ነው?» አልኳት። «20 ዶላር» አለችኝ። አሁን በቃ ሥራ ተጀመረ። ሳቅኩ፤ አሳለኝ፤ ወረቀቱ አለርጂዬን አስነሣው አልኩ፤ ሁለት እርምጃ ሄጄ ጎንበስ አልኩ። ጠራችኝ! የተባረከች ሴት፣ ጠራችኝ! በ8 ዶላር ተስማማን፤ ምርቃት ስል ደግሞ የጠረጴዛ መብራት ጨመረችልኝ። ስለ ባሏ አወራችኝ፤ አለቀሰችም፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ካርቶኑን ግን ከብብቴ አላወረድኩም። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ግብይት አሜሪካ ከመጣሁ አላየሁም።

ካርቶኑን በቀጣዩ ጊዜ ቻንቲሊ ይዤ ሄድኩ። አንድ የጎለመሰ ሻጭ ጋ አስቀመጥኩት። ከፈተው፤ ሳቀ። «ጀንክ ዋክስ» አለ። ልጁ ሲተረጉምልኝ፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ያ ሁሉ አሜሪካዊ ካርድ የልጁን ኮሌጅ ይከፍላል ብሎ ሲያከማች፣ ኩባንያዎቹም ተራራ ሙሉ አተሙ፤ ዛሬ ሁሉም ሰው ምድር ቤቱ ውስጥ አለው፤ ስለዚህ ዋጋ የለውም ማለቱ ነው አለኝ። «በነፃ ብትሰጠኝም አልወስደውም፤ ማስቀመጫ የለኝም» ብሎ ካርቶኑን ወደ እኔ ገፋው።

ወገኖቼ፣ በዚያች ሰዓት ዓይኔ እንባ አቀረረ። በመጨረሻ አንድ ነጋዴ አገኘሁ! መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ አገላበጠ፤ እንከን አወጣ፤ ከንፈሩን መጠጠ፤ ዋጋውን ሩብ ሳይሆን ዜሮ አደረገው! ዜሮ! እኔ ራሴ በጉልምስናዬ ይህን አልደፈርኩትም። ያን ሁሉ የኮሌጅ ታሪክ እንዴት አቀናብሮ ፈጠረው! ጥርሱን ሳይከድን ነው የዋሸኝ፤ አባቴን አስታወሰኝ። እኔም እንደ ወጉ ካርቶኔን ታቅፌ ጨፍገግ ብዬ ሄድኩ፤ ቀስ አልኩ፤ ጎንበስ አልኩ። እስካሁን አልጠራኝም። ትዕግሥት ያለው ሰው ነው።

ልጁ መኪና ውስጥ ኮምፕሱን ሊያሳየኝ ስልኩን ሲያወጣ ከለከልኩት። ባለቤቴም ካርቶኑን ከሳሎን አንሳልኝ እያለች ነው፤ ገበያ አታውቅም፤ ሰሞኑን እንኳ ሐበሻ ሱቅ እንጀራ ስንገዛ 50 ሳንቲም እንዲቀንሱልኝ ስከራከር ትታኝ ወጥታ መኪና ውስጥ ቁጭ አለች። ስለዚህ ከእናንተ መካከል ነገር የሚገባው ካለ ይምጣ። የ1990 ነው፤ ጥንታዊ ነው፤ ከባለቤቱ በቀጥታ የተገኘ ነው፤ እናቴ ትሙት በገዛሁበት ነው የምሰጣችሁ። ዋጋው 4,000 ዶላር ነው፤ ፊክስ ነው፤ አንድ ሳንቲም እንዳታስቀንሱኝ፤ ጊዜ የለኝም። ስልካችሁን መኪና ውስጥ ተዉት። መብራቱ ለብቻው 30 ነው።